በዓይን የተገመተ ዕድሜ

እናቴ የተወለድኩበትን ቀን ጠንቅቃ ታውቃለች። የቡና ለቀማው ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞ፣ ከቀትር በኋላ። ዓመተ ምሕረቱን ስትጠየቅ ግን ትቆጣለች። «አሥር ለቀማ አልፏታል፤ አሥር ናት» ትል ነበር በዚያ ዓመት። ለእሷ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልነበረም። ለትምህርት ቤቱ ግን ለቀማ ማስረጃ አልነበረም።

ያኔ፣ ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ሚዛን ተፈሪ ውስጥ የልደት ወረቀት ያለው ልጅ አላውቅም። ዕድሜ የሚገመተው በዓይን ነበር። አንደኛ ክፍል የሚገባ ልጅ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሻግሮ ግራ ጆሮውን ይነካል፤ ከነካ ደርሷል፣ ካልነካ ለከርሞ ይመለሳል። እኔ ክንዴ ረዥም ስለነበር በአምስት ዓመቴ ነካሁ። እናቴ ያን ቀን ጎረቤት ለጎረቤት እየዞረች አወራች። ሰውነቴ ከዕድሜዬ ቀድሞ በመሮጡ የተመሰገንኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አምስተኛ ክፍል ስገባ ጡት አወጣሁ። ክረምቱን አብረውኝ ሰኞ ማክሰኞ ሲዘሉ የከረሙት ልጆች እንደ እንጨት ቀጥ ብለው ተመለሱ፤ እኔ የእናቴን ሹራብ ለብሼ፣ በዚያ ሙቀት፣ ክንዴን ደረቴ ላይ አጣምሬ ተመለስኩ። ሰልፍ በቁመት ስለነበር መጨረሻ ላይ ቆምኩ። ክፍል ውስጥም የኋላው ዴስክ ደረሰኝ፤ ከገጠር ዘግይተው ትምህርት ከጀመሩት ትልልቅ ልጆች ጋር።

አጠገቤ የምትቀመጠው ከሸዋ ቤንች የመጣች ልጅ ነበረች። ከተማው ውስጥ ዘመድ ቤት ተጠግታ ትማራለች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ይህን የነገረችኝ እሷው ናት፣ በሹክሹክታ። ሲያዩዋት ግን አሥራ ሁለት አትሞላም፤ አጭር፣ ቀጭን፣ ደረቷ ልሙጥ። ከፊት እንድትቀመጥ ቢነገራትም ከኋላ ሆኖ መሳቅ ስለሚመቻት እምቢ ብላ ነው እኔ ዘንድ የቀረችው። አማርኛን የተማረችው ትምህርት ቤት ነውና ቃላቱን አንድ በአንድ እንደሚያኖር ሰው ቀስ እያለች ትናገራለች።

«አንቺ ቶሎ አደግሽ፤ እኔ እምቢ አልኩ» አለችኝ አንድ ቀን ከላይ እስከ ታች አይታኝ።

«እኔም እምቢ ማለት እችል ነበር እንዴ?»

«ማን ያውቃል። ሳይጠይቁሽ ነዋ የሄድሽው።»

ደሙ የመጣው አባቴ ሱቅ ውስጥ፣ የጨው ጆንያ ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራ ስሠራ ነው። አባቴ ሳሙና፣ ጨው፣ ቆንጨራና ባዶ የቡና ጆንያ የሚሸጥ ሰው ነበር። የሞትኩ መስሎኝ ወደ ጓዳ ሮጥኩ። እናቴ ክፉ ሴት አይደለችም። አሮጌ አንሶላ ቀደደች፣ አጠፈች፣ እንዴት እንደሚደረግ አሳየችኝ። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ «ከእንግዲህ ትልቅ ሰው ነሽ፤ ከወንድ ጋር አትላፊ» አለች። እስከዚያ ቀን ድረስ ከወንድ ጋር የነበረኝ ግንኙነት በብይ መሸነፍ ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ የያዘኝን ነገር ዛሬ ድብርት ይሉታል። ብዙ አንብቤበታለሁ። ብዙዎቹ ጸሐፊዎች በድብርት የተያዘችን ልጃገረድ ሲስሏት ያስተኟታል፤ መጋረጃ ይዘጉባታል፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ ያዞሯታል። እነዚህ ሰዎች የራሷ ክፍል ያላትን ልጅ ነው የሚያውቁት። የኔ ድብርት የሚያስተኛ አልነበረም፤ የሚያስኬድ ነበር። መቀመጥ አቃተኝ። ከሱቁ ተነስቼ እስከ ገበያው፣ ከገበያው ሽቅብ እስከ መንግሥት ቢሮዎቹ፣ ከዚያ ቁልቁል ወደ ወንዙ፣ ተመልሼ ደግሞ ወደ ሱቁ። ጭቃው ጫማዬን እየሳበ ያስቀርብኛል፤ መልሼ አጠልቃለሁ፣ እሄዳለሁ። ስመገብ ምግቡ እንደ እርጥብ ወረቀት ነው። ስሄድ የማስበው ነገር አልነበረም፤ አንድ ቦታ ብቆም ያ ቦታ የሚውጠኝ ይመስለኝ ነበር እንጂ።

የአሥር ዓመት ልጅ ከተማውን ብትዞር ተጫወተች ይባላል። የኔን ሰውነት የያዘች ብትዞር ግን ሌላ ስም አለው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሥጋ ሻጩ ለአባቴ፣ «ልጅህ ሰው ትጠብቃለች መሰለኝ» ብሎ ነገረው። አባቴ አልመታኝም። ወደ ትምህርት ቤት እየሸኘኝ መሄድ ጀመረ፤ ከፊት ከፊቴ፣ አሥር እርምጃ ቀድሞ፣ የማያውቀኝ መስሎ።

እንዲያም ሆኖ ትምህርት ቤቱ ነበረኝ። ከዴስክ ጓደኛዬ ጋር መሳቅ ነበረኝ። መቀመጥ የምችልበት ቦታም እሱ ብቻ ነበር፤ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የሚጻፈውን ስገለብጥ እጄ ስለሚሄድ እግሬ ያርፋል።

በመንፈቅ ዓመቱ አዲስ ዳይሬክተር መጣ። ክፍሎቹ ሞልተው ልጆች መሬት ላይ ይቀመጡ ነበርና ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ የሆነ ሁሉ ወደ ማታ ትምህርት እንዲዛወር ወሰነ። አሳቡ መጥፎ አልነበረም። አሠራሩ ግን ይህ ነበር፤ መዝገብ ይዞ በየክፍሉ ገባ፣ ልጆቹን አንድ በአንድ አስነሥቶ አየ፣ ጻፈ። ጓደኛዬን አየና «አሥራ ሁለት» ብሎ አለፈ። እኔን አየና ቆም አለ። ከዚያ ዓይኑን ከደረቴ ላይ በጨዋነት አንሥቶ «አሥራ ስድስት» ብሎ ጻፈ። ሰውየው ነውረኛ አልነበረም። በሁለታችንም ተሳሳተ፣ በተመሳሳይ ሥነ ሥርዓት።

አባቴ ሲሰማ የሱቁን በር ግማሽ ዘግቶ ተቀመጠ። «ሴት ልጅ በጨለማ? ትምህርቱ ይቅር እንጂ አላደርገውም» አለ። እናቴ «አሥር ለቀማ» እያለች ትምህርት ቤት ድረስ ሄደች። ዳይሬክተሩ በትሕትና ሰምቶ፣ የልደት ማስረጃ ከሌለ ዕድሜዬን በመሐላ የሚያረጋግጡ ሽማግሌዎች እንዲመጡ ነገራት። የእናት ቃል አይቆጠርም፤ ለልጇ ታዳላለችና። ስወለድ ከእሷ ሌላ ማን እንደነበረ አልጠየቀም።

አባቴ ሁለት ሽማግሌ ይዞ ሄደ። አንደኛው ከጅማ በኩል የመጡ ጨርቅ ነጋዴ፣ የሱቃችን ጎረቤት፤ ሁለተኛው የከብት ደላላ። ሁለቱም በመልካም ልብ መጡ። ከዚያ እኔ ተጠርቼ ገባሁ፤ ልባቸው ሳይሆን ዓይናቸው ከዳኝ።

ጨርቅ ነጋዴው አቀርቅረው፣ «ስትወለድ አላየሁም» አሉ። «ወንድሜ፣ አንተን አምንሃለሁ። ግን ዓይኔ የሚያየውን ትቼ እንዴት ወላሂ እላለሁ?»

«እኔም ያን ጊዜ ቴፒ ነበርኩ» አለ ደላላው።

«አሥር ናት እያልኳችሁ!» አለ አባቴ።

«በልቶ ያደረ ልጅ ያድጋል፤ ገባኝ» አለ ደላላው። «ግን ይሄን ያህል?»

ዳይሬክተሩ ወደ እኔ ዞረ። ድምፁ ለስላሳ ነበር። «አንቺ ራስሽ ስንት ዓመትሽ ነው?»

ስለዚያች ደቂቃ ብዙ አስቤያለሁ። አሥር ማለት እችል ነበር፤ እውነትም ነበር። ግን ለወራት አሥር ነኝ ማለት የሰረቁትን ዕቃ ይዞ እንደመቆም ሆኖብኝ ነበር። እናቴ ትልቅ ሰው ነሽ ብላኛለች። ሥጋ ሻጩ ሰው ትጠብቃለች ብሏል። አባቴ አሥር እርምጃ ይቀድመኛል። አሥር ነኝ የምለው እኔና የእናቴ ለቀማ ብቻ ነን።

«አሥራ ስድስት» አልኩ።

ዳይሬክተሩ መዝገቡን ዘጋ። ስንወጣ አባቴ አልቀደመኝም፤ አጠገቤ ሄደ። ገበያው ጋ ስንደርስ «ለምን?» አለ።

«ደክሞኛል» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ትምህርቱም ቀረ፤ መራመዴም ባሰ። ቤት ሲዘጋብኝ ግቢውን እዞራለሁ፤ ግቢው ሲጭቀይ ሱቁ ውስጥ ከመደርደሪያ እስከ በር እመላለሳለሁ። ጓደኛዬ ከትምህርት ስትወጣ በሱቁ በኩል እያለፈች የተማሩትን ትነግረኛለች፤ እኔ አልሰማትም። እናቴ ዓይነ ጥላ ነው ብላ ሦስት ጠዋት ጠበል አስጠመቀችኝ። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር፤ ሌላ ያመጣው ነገር የለም። በመጨረሻ አባቴ «አየር ትለውጥ» ብሎ ቴፒ ወዳለችው እህቱ ላከኝ።

አክስቴ ሻይ ቤት ነበራት። ቴፒ ከሚዛን ይሞቃል፤ ቀትር ላይ ቆርቆሮው ይንጫጫል፣ ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ይገባል። ሾፌሮች፣ የቡና እርሻ ሠራተኞች፣ ዕቃ የሚጠብቁ ነጋዴዎች። አክስቴ አየችኝና ለሥራ የደረሰች ሴት አየች። በማግሥቱ ማንቆርቆሪያ አስያዘችኝ። ሾፌሮቹ «እህት፣ ስኳሩን አንቺ ቅመሽልኝ» ይላሉ፣ ይሳሳቃሉ። እኔ ሻዩን አስቀምጬ እወጣለሁ፤ ወደተሰጣው ቡና፣ ወደ መንገዱ፣ ተመልሼ ደግሞ እገባለሁ።

«መቀመጫው እሾህ አለው እንዴ?» ትለኛለች አክስቴ። «አርፈሽ ብትቀመጪ ምን ትሆኛለሽ?»

ሁለት ወር ገደማ እንዲህ ቆየሁ። አንዳንድ ጠዋት መንገዱ ዳር ቆሜ የሚያልፉትን የጭነት መኪናዎች ጎማ እያየሁ ረዥም ጊዜ እቆይ ነበር። ምን እንዳሰብኩ አልጽፍም። አንድ ቀን ፈዝዤ ስቆም አክስቴ በክንዴ ጎትታ አስገባችኝ፤ እሷም ያየችውን አልተናገረችም።

ከዚያ ቀን ጥቂት ቆይቶ፣ ከምሳ በኋላ ሻይ ቤቱ ባዶ ሲሆን፣ የተጠበሰ በቆሎ ስበላ ከኋላ ያለ ጥርሴ ወለቀ። ሲነቃነቅ ከርሞ ነበር። ልጅ ሁሉ የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ወጣሁ፣ ወደ ጣሪያው ወረወርኩ፣ አዲስ እንዲሰጠኝ ለወፉ ነገርኩት። አላሰብኩበትም፤ ያለ እኔ ፈቃድ የተሠራ ነገር ነበር።

ዞር ስል አክስቴ በሩ ላይ ትሪ ይዛ ቆማለች።

«ምንድን ነው የወረወርሽው?»

«ጥርሴን።»

«የምን ጥርስ?»

«የወተት።»

ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጠች። «ነይ እዚህ። አፍሽን ክፈቺ።» አየች። ቀሚሷን ሰብስባ አግዳሚ ወንበር በርሜል ላይ ጭና ጣሪያው ላይ ወጣች፤ ወፍራም ሴት ናት፣ ቆርቆሮው ይጮሃል፣ መንገደኛ ቆሞ ያያል። አንዱ «እመቤቴ፣ ምን ጠፋብሽ?» ሲላት «ልጅ» አለችው። ጥርሴን ከአሸንዳው ውስጥ አገኘቻትና በስኳር ወረቀት ጠቀለለቻት።

ከወረደች በኋላ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። «ወንድሜ አሥር ናት ብሎ ሲልክሽ ቀልድ መስሎኝ ነበር። እነዚህ ሰዎች ሲቀልዱብሽ ዝም ያልኩት ትልቅ ናት፣ ትመልስላቸው ብዬ ነው።» ይቅርታ አላለችም፤ ይቅርታ የምትል ሴት አይደለችም። «ሂጂ፣ ተጫወቺ» አለችኝ።

ወጣሁና ግቢው ውስጥ ቆምኩ። እንዴት እንደሚጀመር ጠፋኝ።

በሳምንቱ በጭነት መኪና ሚዛን ገባን። አክስቴ አባቴን፣ ሁለቱን ሽማግሌዎችና እኔን አስከትላ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባች፤ ወረቀቱን ፈትታ ጥርሴን መዝገቡ ላይ አስቀመጠችለት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የልደት ማስረጃ ብለሃል አይደል?»

ዳይሬክተሩ በእስክሪብቶው ጫፍ ገፋ አደረጋት። «የማን እንደሆነች በምን አውቃለሁ? የታናሽ ወንድሟ ልትሆን ትችላለች።»

እዚህ ላይ የከብት ደላላው ተነሣ። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ሻጭ በሚምልበትና ገዢ በማያምንበት መካከል ቆሞ የኖረ ነው፤ ባለቤቱ ምንም ቢል የከብት ዕድሜ የሚታየው በጥርሱ ነው። በሰው ላይ ሊሠራበት ያላሰበው ነውር መስሎት ነው። «ልጄ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» ብሎ አገጬን ያዘ፣ ወደ መስኮቱ አዞረኝ፣ ሁለቱንም በኩል አየ፣ በጣቱ አንዱን ነቀነቀ።

«ይኸው ይሄም ገና ነው። እዚህ ያልጣለችው አለ፣ እዚያም አለ። ይህችን አሥራ ስድስት ብዬ ገበያ ብቆም በዱላ ያባርሩኛል።»

«ልይ» አሉ ጨርቅ ነጋዴው፤ አዩ። «አሁን ወላሂ እላለሁ» አሉ።

አፌን ከፍቼ ቆሜ፣ እንባዬ ይወርድ ነበር። በገበያ እንደሚሸጥ ጊደር መታየቴ አዋረደኝ፤ አልዋሽም። ግን በዚያ ዓመት ውስጥ ወንዶች እኔን ሲመረምሩ ልጅነት ያገኙት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ዳይሬክተሩ ግንባሩን አሸ። «አሥር ብዬ ብጽፍ ተቆጣጣሪ መጥቶ ሲያያት ይስቅብኛል። አሥራ አራት ይሁን።»

«አሥራ አንድ» አለች አክስቴ።

«አሥራ ሁለት። ከዚህ አልወርድም።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ ቀድሞ በራሴ ላይ የፈረድኩት እኔው ነበርኩና። «አንቺስ? ዛሬ ደግሞ ስንት ትያለሽ?»

«ቀን መማር እፈልጋለሁ» አልኩ። ለወራት እፈልጋለሁ ብዬ የተናገርኩት የመጀመሪያው ነገር ነበር፤ አባቴ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። አሥራ ሁለት ተብሎ ተጻፈ።

ተመልሼ የኋላው ዴስክ ላይ ተቀመጥኩ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለኝም። ያ ነገር መዝገብ ስለተስተካከለ አይለቅም። በኋላ ያነበብኳቸው ሊቃውንት ቀድመው የሚያድጉ ልጃገረዶች ለድብርት የተጋለጡ ናቸው ይላሉ፤ ግማሾቹ ደሙን ይከሳሉ፣ ግማሾቹ ሰዉን። እኔ በንዴት ዘመኔ መዝገቡን ከስሼ፣ ሰውነቴን ነፃ አውጥቼ ብዙ ገጽ ጽፌአለሁ። አሁን እንደዚያ እርግጠኛ አይደለሁም። ማንም ምንም ሳይለኝ፣ ዝናቡም ሳይዘንብ፣ ምክንያት የሌላቸው ጠዋቶች ነበሩ። እነሱን ማንን እንደምከስባቸው አላውቅም። የማውቀው ጓደኛዬ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ልጅ ተብላ ስትስቅ፣ እኔ በአሥር ዓመቴ ሴት ተብዬ እንደሄድኩ ነው። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን እቀር ነበር። ወደ ትምህርት ቤት ብዬ እወጣና እግሬ ወደ ወንዙ ይወስደኛል።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል፣ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ፣ ጓደኛዬ ደብተሯ ጫፍ ላይ «መጣ» ብላ ጽፋ አሳየችኝ። ፊቷ አመድ መስሏል። ሹራቤን አውልቄ ከዴስኩ ሥር አቀበልኳት፤ ወገቧ ላይ አሰረችው። ደወል ሲደወል ሁሉም እስኪወጣ ጠበቅን፤ ከዚያ እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላዋ ተጠግቼ ወጣን። በገበያው መሐል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ደረቴ በቀጭን ሸሚዝ እየታየ ሄድኩ። ሰው ያየኝ እኔን ነበር።

«አገሬ ቢሰሙ ይደሰታሉ» አለች። «ትደርቃለች ብለው ነበር የሚስቁብኝ።» ጥቂት ሄደችና፣ «ዳይሬክተሩ ቢሰማስ? ወደ ማታ ያዛውረኛል።»

«አይሰማም። ሹራቡን እስክትጨርሺ ያዢው።»

የተጠጋችበት ቤት በር ላይ ስንደርስ ቆመች። ሊመሰገን የሚገባው ሰው እኔ ነኝ ብዬ ስጠብቅ፣ በዚያ ቀስ ባለ አማርኛዋ፣ «ነገ ፈተና አለ» አለች። «እኔ እንዲህ ሆኜም እመጣለሁ። አንቺስ?»

ወደ ወንዙ የሚወስደውን መንገድ አየሁ። ከዚያው ከበሩ ፊት ይጀምራል።

«እመጣለሁ» አልኩ። በማግሥቱ ሄድኩ፤ በማግሥቱ ማግሥት አልሄድኩም፤ ከዚያ በኋላ ባለው ቀን ግን በራችን ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ አገኘኋት።